ለካ

ኦክታቭ ሜትሩን ስቦ ጀልባዋን ለካ፣
ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ፣ ጎኗን እየነካ።
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጻፈና፣
ምን እንደጠረጠረ እንጃ፣ ሰረዘው እንደገና።
አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ደግ ነው፤
እሱ ግን አሥራ አንደኛውን ጀመረው።

አሉሚኒየም ናት፣ አሥራ አራት ጫማ፣
ጠጠር ሲነካት እንደ ድስት ክዳን የምታሰማ።
በአቻፋላያ ረግረግ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠውባታል፤
ቆሞባት ያየ የለም፣ ማንስ ይደፍርባታል?
የኦክታቭ አባት ሕግ አንዲት ቃል ነበረች፦
"ተቀመጥ!" ከሞተሩ ድምፅ በላይ የጮኸች።

ዛሬ ግን ከፊቷ መድረክ ሊሠራላት፣
ሰው ቆሞ መንጠቆ የሚወረውርባት፣
ጋራዡን ከፍቶ ጠራኝ፦ "ያዝልኝ በዚያ ጫፍ!"
እኔ ጡረተኛ ሾፌር፣ የአጥር ጎረቤት፣ እንዴት ብዬ ልለፍ?

ባዶ እጄን አልሄድኩም። ከበረንዳዬ የተረፈ
አረንጓዴ ጣውላ፣ የምስጥ መድኃኒት ያረፈ፣
ተሸክሜ ደረስኩ፦ "እንካ፣ ስጦታ።"
እንደ እባብ አየው ከቆመበት ቦታ።
"መድኃኒቱ መዳብ አለው፤ አሉሚኒየም ይበላል።
ጣውላውን ምስጥ ሳይነካው የጀልባዬ ሆድ ይበሳል።"
ራሱን ከምስጥ አድኖ የተኛበትን የሚበላ፤
ሰውም እንዲህ አለ፣ ስሙን እንተወው ለሌላ።

ብረቱ በመጋዝ ተቆረጠ፤
መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ውሻዬ አጥር ዘሎ ፈረጠጠ።
ሪቬቱ ጠቅ፣ ጠቅ አለ፤ አንዱ ጠመመ፤
ኦክታቭ በአያቱ ፈረንሳይኛ ተሳድቦ፣ አማትቦ፣ ደገመ።
"ከመቀመጫው ሥር ያለውን ስፖንጅ እናውጣው" አልኩ፤
"ውኃ የሞላን ቀን የሚይዘን እሱ ነው" ሲለኝ ተውኩ።

ኤርሚን ከማድ ቤቱ በር፣ በከዘራዋ ተደግፋ፣
የባሚያ ሳህን በክንዷ አቅፋ፣
"አሮጊት ጀልባ" አለች፣ "እንደ ሙሽራ ተነጠፈላት!
የወጥ ቤቴን ወለል ዘጠኝ ዓመት ለመንኩት፤ መቼ ደረሰላት?"
እሱ አልመለሰም። አንገቱን ደፍቶ
ደረጃ ጀመረ፣ አሁንም ለክቶ፣
ዝቅ ያለች፣ ለልጅ እግር የምትሆን።
"ጉልበትህ ደህና፣ ይቺ ለምን?"
"ያዝ እንጂ" አለኝ፣ ሙጫ እየቀባ።
በግራጫ ምንጣፍ መድረኩን ደረበ፤ ከሥሩ ሣጥን ገባ።
ባትሪው ወደ ኋላ ሄደ፣ አፍንጫዋ እንዳይደፋ፤
ለፊት ሲጨምሩ ለኋላ ካላሰቡ ሚዛን ይጠፋ!

ቅዳሜ ሳይነጋ ወረድን ወደ ዳር።
ጭጋጉ ገና ውኃው ላይ ነበር፤
ሳይፕረሱ ጉልበቱን ከውኃ አውጥቶ፣
ቆሟል፣ የሽበት ጺሙን ለቅቆ።
ኦክታቭ ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ቁጭ፣
እንደ አባቱ ሕግ፣ አንዲት ቃል ሳትወጣው፣ ጭጭ።
እኔ እስከ ጉልበቴ ውኃ ገብቼ ጀልባዋን ስይዝላቸው፣
ከዘራ ተሰጠኝ፤ ትከሻዬን አንድ እጅ ያዘው።
አንድ እግር በደረጃዋ፣ ሌላው ተከተለ፣
ኤርሚን ወጣች። ቆመች። ማንም ምንም አላለ።

ዳሌዋን ከፍተው ብረት ካስገቡላት ወዲያ፣
ዝቅ ብሎ መቀመጥ ሆነባት መቀጫ፣
መቆም ግን ትችላለች። ሁለት በጋ ቤት ቀርታ
"ዓሣ ሰለቸኝ" ትል ነበር፣ ለመስኮቱ ጀርባ ሰጥታ።

ለካ!
ለካ የለካው ጀልባዋን አልነበረም፤
የኤርሚንን እርምጃ ነው፤ ለኔም ለሷም አልተናገረም።
ሌሊት በኮሪደሩ ስታነክስ፣ ተኝቶ እየሰማ፣
እግሯ ስንት ጣት እንደሚነሳ በጆሮው ለክቶት በጨለማ።

ወረወረች። ክሩ በጭጋጉ ውስጥ እያፏጨ ሄደ፤
ከግንድ ሥር ጠብ ሲል ውኃው ክብ ክብ ወለደ።
ምንም አልያዘችም። ደገመች። አሁንም ምንም።
"ተቀመጪ" የሚል ድምፅ ከየትም አልመጣም።
ጀልባዋ ትንሽ ስትወዛወዝ፣ ኦክታቭ ወደ ግራ ተለጠጠ፤
እሷ እንድትቆም፣ እሱ ተቀመጠ።

እኔ ውኃው ውስጥ ቀረሁ፣ በሰው ከዘራ፣ ጫማዬ ርሶ።
የወጥ ቤቱ ወለል?
እሱማ እንዳለ ነው፣ እስከ ዛሬ ፈርሶ።